ቀዳዳው ይቅደም



እርሳስ የያዘ ሰው ካለ ያልተቀረጸውን ጫፍ አተኩሮ ይመልከት። እንጨቱ ከዳር እስከ ዳር ተበስቶ ጥቁሩ እምብርት በቀዳዳው የገባ ይመስላል። አልተበሳም። የእርሳስ ፋብሪካ የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ስስ ሳንቃ ላይ ጎን ለጎን ቦዮች ይፈለፍላል፣ እምብርቱን በየቦዩ ያስተኛል፣ ተመሳሳይ ቦይ ያለው ሁለተኛ ሳንቃ ከላይ በኮላ ይለጥፋል፣ ነጠላ እርሳሶችን ቆርጦ የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀለም ባልተቀባ እርሳስ ላይ የሁለቱ ግማሾች መጋጠሚያ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል።

የሚያስፈልገው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋትና 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቀዳዳ ነበር። ዓለምን በእርሳስ ያጥለቀለቀ ኢንዱስትሪ ያንን ቀዳዳ ከመሰርሰር ይልቅ ሁለት ሳንቃ ማጣበቅን መረጠ። ምርጫው የስንፍና አይደለም። እንጨትን በቁመቱ፣ በቀጭኑና ቀጥ አድርጎ መሰርሰር ልምድ ያለውን አናጺ እንኳ የሚያስጨንቅ ሥራ ነው።

የዛሬው ዲስኩር የሚመለከተው ግን ይህን ቀዳዳ መሸሽ የማይፈልገውን ሰው ነው፤ በቶርኖ የሚቀረጽ የእንጨት መብራት የሚሠራውን።

የጠረጴዛ መብራት ገመዱ ከሥር ገብቶ፣ በእንጨቱ ሆድ አልፎ፣ ከላይ አምፖል መያዣው ጋ መውጣት አለበት። ገመዱን በውጭ በኩል እያያዙ ማውጣት ይቻላል፤ ውጤቱን ያየ ሰው ግን ለሳሎኑ አይገዛውም። በእርሳሱ መንገድ ሁለት ጣውላ ፈልፍሎ ማጣበቅም ይቻላል። በዚህ መንገድ የተሠሩ ደህና መብራቶች ብዙ ናቸው፤ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። ሆኖም የተጣበቀው እንጨት በቶርኖ ሲቀረጽ መጋጠሚያው በግራና በቀኝ ብቅ ይላል። ኮላው በደንብ ሳይዝ ቶርኖው በፍጥነት ከዞረ ደግሞ ሁለቱ ግማሾች ተለያይተው ወደ ሠራተኛው ፊት ሊወረወሩ ይችላሉ። አንድ ወጥ የዋንዛ ወይም የወይራ ግንድ ያገኘ፣ የእንጨቱ መልክ ሳይቋረጥ ከታች እስከ ላይ እንዲታይለት የሚፈልግ ባለሙያ ግን ከመሰርሰር ሌላ ምርጫ የለውም።

ሒሳቡ ምሕረት የለውም። 60 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የመብራት እግር ይታሰብ። አንገቱ ላይ ቀጥኖ 30 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ለገመዱ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበቃዋል። ቀዳዳው መሀል ለመሀል ከሄደ በየጎኑ 11 ሚሊ ሜትር እንጨት ይተርፋል። መሰርሰሪያው ከሥር ሲገባ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘም ግን በሌላው ጫፍ ከመሀል 10.5 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ይወጣል። አንገቱ እዚያው ጫፍ አጠገብ ከሆነ በአንድ ወገን የቀረው ግድግዳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ዲግሪን ደግሞ በባዶ ዓይን መለየት ይከብዳል።

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መፍትሔ ከሁለቱም ጫፍ ሰርስሮ መሀል ላይ ማገናኘት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ስህተቱን በግማሽ ይቀንሳል። ሆኖም ሁለቱ ቀዳዳዎች በአንድ በአንድ ዲግሪ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ካዘመሙ፣ መሀል ላይ ሲደርሱ በመካከላቸው ያለው ርቀት 10 ሚሊ ሜትር ይሻገራል። እያንዳንዳቸው 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሰፉ ተላልፈው ይሄዳሉ። ባለሙያው አንድ ረጅም ቀዳዳ ፈልጎ ሁለት ጉድጓድ ይዞ ይቀራል። ስህተቱ ግማሽ ግማሽ ዲግሪ ቢሆን ይገናኛሉ፤ መገናኛው ግን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ብቻ ስለሚኖረው ገመዱ እዚያ ይሰነቀራል።

ይህ ሁሉ መሰርሰሪያው ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ታስቦ ነው። አይሄድም።

ለብረትም ለእንጨትም የሚያገለግለው የተለመደው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፑንታ ጠቅላላ ርዝመቱ 117 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው 75 ሚሊ ሜትሩ ብቻ ነው። መብራቱ የሚፈልገው የዚህን ስምንት እጥፍ ነው። ፑንታውን በዘንግ ማስረዘም ይቻላል፤ ግን ቀጭን ዘንግ በረዘመ ቁጥር ሲገፉት ይጎብጣል። የስዊዙ የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን በቀመር እንዳሳየው፣ የዘንጉ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ሳይጎብጥ የሚሸከመው ግፊት ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ፑንታው አልገባ ሲለው በጉልበት የሚገፋ ሠራተኛ ቀዳዳውን በገዛ እጁ እያጣመመው ነው።

እንጨቱም ዝም ብሎ አይቀመጥም። በዕድገት ቀለበቶቹ መካከል ልልና ጠንካራ ንብርብሮች ይፈራረቃሉ፤ የፑንታው ጫፍ ጠንካራውን ሲነካ ተንሸራቶ ወደ ልሉ ያደላል። ጉጥ ካጋጠመው ደግሞ ይዞረዋል። ከሁሉ የባሰው ጫፉ ላይ የሚስብ ብሎን ያለው የእንጨት መሰርሰሪያ ነው። ሳንቃን በአግድሙ ለመብሳት ግሩም መሣሪያ ነው፤ በቁመት ሲገባ ግን ብሎኑ የእንጨቱን ቃጫ ተከትሎ ቃጫው ወደሚያዘምበት ይሄዳል። ለረጅም ቀዳዳ ይህን መሣሪያ መምረጥ ከመጀመሪያው መሸነፍ ነው።

ፍቅፋቂውም ሌላ ጣጣ ነው። ቀዳዳው ሲጠልቅ የተቦረቦረው ፍቅፋቂ መውጫ ያጣና ቦዩ ውስጥ ይጠቀጠቃል። የተጠቀጠቀ ፍቅፋቂ መሰርሰሪያውን ወደ አንድ ጎን ይገፋል፣ ይግላል፣ እንጨቱን ሊሰነጥቀውም ይችላል። ጭስ የሸተተው ሠራተኛ ማሽኑ ደከመ ብሎ ያስብ ይሆናል፤ ችግሩ ግን የተጠራቀመው ፍቅፋቂ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚስማማው መሣሪያ ሲያዩት የማያስደንቅ ነው። እንደ ረጅም ማንኪያ አንድ ጎኑ የተቦረቦረ፣ ግማሽ ክብ የሆነ የብረት ዘንግ ነው፤ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ70 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ጫፉ ላይ የሚስብ ብሎን የለውም፤ የሚቆርጠው በአንድ ስለት ብቻ ነው። ብልሃቱም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ስለት ያለው ፑንታ አንዱ ስለት ትንሽ ከደነዘ ከመስመሩ ሊወጣ ይችላል። ይህኛው ግን በአንድ ወገን ሲቆርጥ ክብ ጀርባው በሌላው ወገን አሁን በተቆረጠው ቀዳዳ ግድግዳ ላይ ይደገፋል። ስለዚህ ከኋላው የተወው ቀጥተኛ ቀዳዳ ከፊቱ ያለውን ይመራዋል፤ የመጀመሪያው 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር በትክክል ከገባ የቀረው ያንኑ ይከተላል። የጠመንጃ አፈሙዝ የሚሰረሰርበት ዘመናዊ መሣሪያም በዚሁ መርህ ይሠራል። አንድ ስለትና ከግድግዳው ጋር የሚተሻሹ መደገፊያዎች አሉት፤ በውስጡ በሚያልፍ ቀዳዳም በግፊት የሚገባው ዘይት ፍቅፋቂውን ጠርጎ ያወጣል። ለእንጨት ዘይት ስለማይሆን ሠራተኛው በየ2 ወይም በየ3 ሴንቲ ሜትሩ መሰርሰሪያውን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ያራግፋል። አሰልቺ ነው፤ ሰነፍ የሚታወቀውም እዚህ ጋ ነው።

ከመሣሪያው ይልቅ ግን ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ጥያቄ፣ የሚዞረው ምንድን ነው የሚለው ነው።

በእጅ ድሪል ወይም በትራፓኖ ሲሠራ እንጨቱ ቆሞ መሰርሰሪያው ይዞራል። በዚህ ጊዜ ጫፉ ትንሽ ወደ ቀኝ ካዘመመ ያ ቀኝ ለእንጨቱ ሁልጊዜ ያው ቀኝ ነው። ስህተቱ በአንድ አቅጣጫ ይጠራቀማል፣ በየሴንቲ ሜትሩ ያድጋል። በቶርኖ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እንጨቱ ይዞራል፣ መሰርሰሪያው ሳይዞር ወደፊት ብቻ ይገፋል። ጫፉ ከመሀል ቢርቅ የሚዞረው እንጨት በየዙሩ በተለያየ ጎኑ ስለሚያገኘው ስህተቱ በአንድ አቅጣጫ ሊጠራቀም አይችልም። በሚዞር እንጨት ውስጥ ሳይወዛወዝ የሚቀረው የመዞሪያው መስመር ብቻ ነው፤ ጫፉም ወደዚያው የመመለስ ዝንባሌ አለው። የጥልቅ ስርሰራ ባለሙያዎች ደረጃውን በደንብ ያውቁታል። መሣሪያው ብቻ ሲዞር መሳቱ ትልቅ ነው፣ ሥራው ሲዞር ይቀንሳል፣ ሁለቱ በተቃራኒ ሲዞሩ ከሁሉ ያነሰ ይሆናል።

ይህ የመብራት ሠሪዎች ግኝት አይደለም። ከነሱ በፊት መድፍ የሚሠሩ ሰዎች በደም ተምረውታል። ቀድሞ መድፍ ሲቀለጥ በቅርጹ መካከል እምብርት ይቆም ነበር፤ የቀለጠው ብረት ሲፈስ እምብርቱ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ የመድፉ ሆድ ይጣመም፣ ግድግዳው በአንድ ወገን ይሳሳ ነበር። እንዲህ ያለ መድፍ ጠላትን ሳይሆን ተኳሹን ሊገድል ይችላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስዊዛዊው ዮሐን ማሪትዝ መድፉን ድፍን አድርጎ ማቅለጥንና ከዚያ በአግድም አጋድሞ መሰርሰርን አመጣ፤ የሚዞረው መድፉ ራሱ ነበር፣ መሰርሰሪያው እየገፋ ይገባል። እንግሊዛዊው የብረት ባለጸጋ ጆን ዊልኪንሰንም እ.ኤ.አ. በ1774 ድፍን መድፍ የሚሰረሰርበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ።

የዊልኪንሰን ታሪክ በዚያ አያቆምም። በዚያው ዘመን ጀምስ ዋት የተሻሻለውን የእንፋሎት ሞተሩን ፈጥሮ ነበር፤ ግን ፒስተኑ የሚመላለስበትን ሲሊንደር በትክክል የሚቦረቡርለት አላገኘም። እንፋሎቱ በጎን እያመለጠ ሞተሩ አቅም አጥቶ ተቀምጧል። ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1775 ለዚህ ሌላ መሣሪያ ሠራ። ሲሊንደር ከሁለቱም ጫፍ ክፍት ስለሆነ የመቦርቦሪያውን ዘንግ ከዳር እስከ ዳር አሳልፎ በሁለቱም ጫፎች ደገፈው፤ አንድ ጫፉ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጎብጥ ዘንግ ቀረ። የዋት ሸሪክ ማቲው ቦልተን ውጤቱን ሲያወድስ፣ ስፋቱ 50 ኢንች፣ ማለትም 127 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሲሊንደር ስህተቱ ከአንድ አሮጌ የሽልንግ ሳንቲም ውፍረት እንደማይበልጥ ጽፏል። የእንፋሎት ዘመን ባለ ዕዳነቱ ለዋት ጭንቅላት ብቻ ሳይሆን ለዚህ ቀዳዳም ነው፤ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ግን ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል።

ስለ መድፍ ስርሰራ ከተነሳ ካውንት ረምፎርድን አለመጥቀስ ይከብዳል። በማሳቹሴትስ ቤንጃሚን ቶምሰን ተብሎ የተወለደው ይህ ሰው በሙኒክ መድፍ ሲሠራ ይቆጣጠር ነበር። ስርሰራው የሚያወጣው ሙቀት ገረመውና ሆን ብሎ የደነዘ መሰርሰሪያ አስገባ፣ መድፉን በውኃ ሣጥን ውስጥ አድርጎ በፈረስ ጉልበት አዞረው። ውኃው ያለ እሳት ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ፈላ። ሙቀት ከዕቃ ወደ ዕቃ የሚፈስ ፈሳሽ ነው የሚለውን የዘመኑን እምነት ለመሞገት እ.ኤ.አ. በ1798 ያቀረበው ጽሑፍ ከዚህ ሙከራ የተወለደ ነው። የደነዘ መሰርሰሪያ ይዞ ወይራ የሚበሳ ሰው ያንኑ ሙከራ ሳያውቀው እየደገመ ነው።

እንጨትን በረጅሙ መብሳት በራሱም የቆየ ሙያ ነው። የለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1613 በሂዩ ሚድልተን መሪነት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቦይ የምንጭ ውኃ ሲመጣላት፣ ውኃው በየመንገዱ የተከፋፈለው በተሰረሰሩ የኤልም ዛፍ ግንዶች ነው። ኤልም ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ከተቀበረ ቶሎ አይበሰብስም። የእያንዳንዱ ግንድ አንድ ጫፍ ሾጥጦ በሌላው ግንድ ሰፊ አፍ ውስጥ ይሰካ ነበር። በኒውዮርክ አሮን በር እ.ኤ.አ. በ1799 ያቋቋመው የማንሃተን ኩባንያም የእንጨት ቧንቧ ዘርግቷል። ኩባንያው በውኃ ስም ፈቃድ አግኝቶ በጎን ባንክ ከፈተ፤ ውኃው ቀርቶ ባንኩ ዛሬ ጄፒ ሞርጋን ቼዝ ከሚባለው ድርጅት ቅድመ አያቶች አንዱ ሆኗል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ግንድ የሚሰረስር ማሽን ንድፍ ሥሏል። ከንድፉ ብልሃቶች አንዱ፣ ግንዱ ቢወፍርም ቢቀጥንም መሀሉን ከመሰርሰሪያው ፊት ለፊት የሚያቆሙት መያዣዎች ናቸው።

አሁን ወደ መብራቱ። የቶርኖ ሠራተኛው ባለ አራት ማዕዘን እንጨቱን በግምት ብቻ ያድቦለቡለዋል፤ ቅርጽ አያወጣለትም። በአንድ ጫፍ የሚያዞረው ጥርስ ይይዘዋል። በሌላው ጫፍ የሚደግፈው ሾጣጣ ብረት መሀሉ ክፍት መሆን አለበት፤ መሰርሰሪያው የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። የቶርኖው ጭራ ድፍን ከሆነ ይህ ሥራ በዚህ መንገድ አይሠራም፤ ማሽን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ቢያየው ይጠቅመዋል። ፍጥነቱ ዝግ ያለ፣ በደቂቃ ከ1000 ዙር በታች ይሆናል። መሰርሰሪያው ከግማሽ ትንሽ አልፎ ሲደርስ ይቆምና እንጨቱ ይገለበጣል። አሁን የሚያዞረው ጥርስ መሀል ላይ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ ይኖረዋል፤ ያ ዘንግ በተሰረሰረው ቀዳዳ ውስጥ ይሰካል። ሁለተኛው ቀዳዳ መነሻው እንግዲህ የመጀመሪያው ቀዳዳ ነው፤ መሀል ላይ ጥቂት ቢሳሳቱ እንኳ ገመድ ያልፋል።

ከዚህ በኋላ ነው ቅርጹ የሚወጣው። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንገቱን አቅጥኖ፣ ቀለበቱን ቀርጾ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ከዚያ መሀሉን ሊበሳ ይነሳል። ያማረ ሥራ ከመጨረሻው ስህተት በኋላ ማገዶ ይሆናል። ቀዳዳው ከቀደመ ግን እንጨቱ በሁለቱም ጫፍ በቀዳዳው አፍ ይያዛል፣ ቶርኖውም በቀዳዳው ዙሪያ ያዞረዋል። ቀዳዳው ከመጀመሪያው መሀል 3 ሚሊ ሜትር ቢርቅ የሚቆረጠው ትርፍ እንጨት ነው፤ የውጩ ቅርጽ ቀዳዳውን ተከትሎ ይወጣል። በዚህ ዘዴ መሀል የሚባለው ቀዳዳው ያለበት ቦታ ነው።

ክላርኔት ሠሪዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። የሚመርጡት እንጨት በምሥራቅ አፍሪካ፣ በተለይ በታንዛኒያና በሞዛምቢክ የሚቆረጠው ጥቁር እንጨት ነው፤ ዛፉ በኢትዮጵያ ደረቅ ቆላዎችም ይበቅላል። ድፍኑ እንጨት መጀመሪያ በቀጭኑ ይሰረሰራል፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ እንዲደርቅ ይቀመጣል። እንጨት ሲደርቅ በቀለበቶቹ አቅጣጫ የሚሸበሸበው ከመሀል ወደ ውጭ ከሚሸበሸበው እጥፍ ያህል ስለሆነ ክብ ቀዳዳ ሞላላ ይሆናል። ስለዚህ የመጨረሻው ልክ የሚወጣው እንጨቱ ተሸብሽቦ ካበቃ በኋላ ነው። እርጥብ እንጨት ለሚበሳ መብራት ሠሪም ይኸው ይሠራል። ዋሽንት ሠሪው ከዚህ ሁሉ ድካም ነጻ ነው፤ ሸምበቆው ባዶ ሆኖ በቅሎ ይጠብቀዋል፣ የሱ ጥበብ ርዝመቱንና የጣት ቀዳዳዎቹን ቦታ መምረጥ ላይ ነው።

ቶርኖ የሌለው ግን በትራፓኖ ብቻ የሚሠራ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። በትራፓኖው ጠረጴዛ ላይ ከፑንታው ጫፍ በቀጥታ ሥር የቆመ ሹል ብረት ይተክላል። መጀመሪያ በሁለቱም ጫፎች መሀሉን ያመለክታል፤ የሥሩን ምልክት በሹሉ ላይ አስቀምጦ ከላይ ይበሳል፣ ከዚያ ገልብጦ የበሳውን ቀዳዳ በሹሉ ላይ አኑሮ ከሌላው ጫፍ ይገባል። ሹሉና ፑንታው በአንድ መስመር ላይ እስካሉ ድረስ ሁለቱ ቀዳዳዎች የሚገናኙበት ዕድል ጥሩ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የወለል መብራት ከሆነ ደግሞ በአንድ እንጨት አይሞከርም፤ በሁለት ወይም በሦስት ቁራጭ ተሠርቶ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ተሰርስሮ፣ መጋጠሚያው በተቀረጸ ቀለበት ሥር ይደበቃል።

የቀረው የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ድርሻ ነው። የላይኛው የቀዳዳ አፍ ብቻ ይሰፋና 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ ጥርስ ቱቦ ይገባበታል፤ አምፖል መያዣው የሚታሰረው በሱ ላይ ነው። ከሥር በኩል ገመዱ በጎን እንዲወጣ ከመቀመጫው ጠርዝ ወደ ቀዳዳው አጭር ቀዳዳ ይበሳል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ስለታም ጠርዝ ካልተለሰለሰ የገመዱን ልባስ ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። በክር ጫፍ ትንሽ ክብደት ታስሮ ከላይ ይለቀቃል፣ ከሥር ሲወጣ ገመዱ ይታሰርበትና ይሳባል። ገመዱ ሲጎተት መያዣው ውስጥ ያሉት ሽቦዎች እንዳይነቀሉ ከሥር የሚይዘው ማሰሪያ ያስፈልገዋል፤ መያዣው ከብረት ከሆነ ደግሞ የመሬት ሽቦ ሳይገናኝለት ስፒናው አይሰካ።